ሰልባጅ ሬዲዮ

ሰልባጅ ኮት ገዝቶ የማያውቅ ሰው ይህን ወግ ቢዘለው አልቀየምም። የገዛ ግን ነገሩን ያውቀዋል። ቤቱ ገብቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት ወይ የባቡር ቲኬት፣ ወይ የከረሜላ ወረቀት፣ ወይ የማያውቀው አገር ሳንቲም ያገኛል። ክርኑ እሱ ባላጠፈው በኩል ታጥፏል፤ አንዱ ትከሻ ከሌላው ዘንበል ብሏል። ለብሶት ሲወጣ በሰው አቋም ይሄዳል። እኔም ከጥቂት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ሰልባጅ ገዛሁ። የገዛሁት ሬዲዮ ነው፤ ዜና የሚያወራው ሳይሆን የመጫወቻ መኪና ከሩቅ የሚነዳው፣ ልጆች ሪሞት የሚሉት።

ቀኑ የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ነው። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ በቁራጭ ወረቀት «ሎሚ 6፣ እንቁላል 12፣ ቶሎ ና» ብላ ጽፋ ላከችኝ። ከሦስቱ ትእዛዝ ሁለቱን ፈጽሜአለሁ። ስመለስ አንድ ደጃፍ ላይ ያርድ ሴል አየሁ። እኛ በርበሬ እንደምናሰጣው እዚህ አገር ሰው ሙቀት ሲመጣ ጓዳውን ሣር ላይ ያሰጣል፤ የቆመ ሰዓት፣ ክዳን የሌለው ድስት፣ ከካርቶኑ ያልወጣ የገና ስጦታ። በእኔ ዕድሜ ያለች አንዲት ሴት የአባቷን ጋራዥ ባዶ እያደረገች ነበር። አንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ሽፋን የሌለው የሪሞት መኪና ተኝቷል። አጠገቡ ሽጉጥ የሚመስል፣ በጎኑ ስፖንጅ የለበሰች ትንሽ መሪ ያለችው፣ አንቴናው እየተመዘዘ የሚረዝም ጥቁር ሬዲዮ።

«የአባቴ ነው። ይሥራ አይሥራ አላውቅም» አለችኝ። 8 ዶላር። ቃታውን ሞከርኩት። ቃታ የምለው ነዳጅ መስጫውን ነው፤ ወደ ራስህ ስትስበው መኪናው ይሮጣል፣ ወደ ፊት ስትገፋው ፍሬን ይይዛል። ጣቴን ስለቀው በጨዋ ደንብ ወደ መሃል ተመለሰ። ሳልከራከር ከፈልኩ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ሬዲዮ ነው።»

«ያወራል?»

«አያወራም። ያዛል።»

«አዛዥ ሞልቶናል» ብላ ሎሚዋን ተቀበለችኝ።

የሪሞት መኪና የልጅ ነገር ነው ለሚል ሰው መልስ አለኝ። ሺዙኦካ ያለው ታሚያ በ1976 (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች ነው) ፖርሽ 934ን በ1 ለ12 መጠን አውጥቶ ገበያ ላይ ሲያኖራት፣ ብሎን በብሎን የገጣጠሟት ጢም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። የእኔ የመጀመሪያ መኪና ግን የሰርዲን ቆርቆሮ ናት፤ ጎማዋ ቆርኪ፣ መሪዋ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ረጅም ሽቦ። ጣልቃ የሚገባባት ሞገድ የለ፣ የባትሪ ድንጋይ አትበላ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ እንደሷ የታዘዘችልኝ መኪና የለችም።

የመጀመሪያዋን ሪሞት ያየሁት አጎታችን ከጅዳ ሲመጣ ነው። እኛን ላለማጣላት ብሎ ለእኔና ለአክስቴ ልጅ ሁለት አንድ ዓይነት መኪና አመጣ። ችግሩ እዚያው «አንድ ዓይነት» የሚለው ላይ ነበር። ሁለቱም በ27 ሜጋኸርዝ፣ በአንድ መስመር ይሠራሉ። እኔ ወደ ግራ ስል የእሱ መኪና ወደ ግራ ታልፋለች፤ እሱ ወደ ፊት ሲል የእኔ አፍንጫዋን ከበርሜሉ ጋር ታጋጫለች። ሁለታችን ባንድ ላይ ስንጫን ሁለቱም እንደ ተለከፈ ሰው ይንቀጠቀጣሉ። አያቴ ጠበል ልትረጫቸው ተነስታ ነበር። አጎታችን ዕርቅ ፈልጎ ጦርነት አመጣ።

ወደ ሰልባጁ ልመለስ። የፋብሪካውን ስም አላነሳም፤ ጃፓን ሠራሽ ነው፣ ከዚህ በታች የማወራው ጥፋት ሁሉ የእርጅና ነውና ስሙን ማንሳት ነውር ነው። ያገለገለ ሬዲዮ ሲገዛ መጀመሪያ የሚከፈተው ሆዱ ነው። ስምንት የባትሪ ድንጋይ ይበላል። የመጨረሻ ምሳውን ግን ሳይፈጭ ነበር የቀረው፤ ድንጋዮቹ አፍስሰው ሽቦዎቹ ላይ ነጭ እከክ ሠርተዋል። ይህ እከክ አልካሊ ነው፤ ከእነዚህ ድንጋዮች የሚወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለው፣ የሳሙና ዘመድ። እጅ ይልጣል፣ መዳብ ይበላል። አልካሊን የሚያረክሰው አሲድ ነው፤ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ።

ሎሚ ደግሞ ቤት ውስጥ ነበረ። ስድስት።

ዶሮ በሎሚና በጨው ካልታጠበ ዶሮ አይደለም፤ ይህን እኔም አምናለሁ። ሁለቱን ብቻ ነው የወሰድኩት። ጭማቂውን በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ እያስነካሁ ስነካው እከኩ «ትሽሽ» አለና አረፋ ሆኖ ወረደ። በውኃ አበስኩ፣ በአልኮል ደገምኩ፣ የመዳቦቹን ጫፍ በልጄ ላጲስ ፈተግኩ። እንደ አዲስ ሳንቲም ሲያበራ ከኩሽና «ሎሚው የት ገባ?» የሚል ድምፅ መጣ። መልስ አልሰጠሁም። ጀርባውን ሳገላብጠው ግን የቀድሞ ባለቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረኝ። የቻርጅ መሰኪያዋ ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ በትልቁ «ኖ!» ብሎ ጽፎባታል። ምክንያቱ ገባኝ። እንደገና በሚሞሉ ባትሪዎች ፋንታ ተራ ድንጋይ ከትቶ ነበር የሚጠቀመው፤ ተራ ድንጋይ ቻርጅ ላይ ቢሰካ ያብጣል፣ ይፈነዳል። ድንጋዩ በነፍስ ወከፍ 1.5 ቮልት ነው፣ ስምንቱ 12፤ የሚሞላው 1.2 ነው፣ ስምንቱ 9.6። ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ነበረ፤ «ኖ!» የተጻፈው ለዚያ ሰው ነው። ለራሱ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ቃለ አጋኖ አያደርግም።

አዲስ ድንጋይ ከትቼ ስከፍተው ጮኸ። ስክሪኑ በራ። መኪናዋም ባትሪ ስታገኝ ነፍስ ዘራች፤ ግን ምን ያደርጋል፣ የፊት ጎማዎቿ ሰባት ስኒ ቡና እንደጠጣ ሰው እጅ ይንቀጠቀጣሉ።

እዚህ ላይ የጉለሌው ጋሼ ትዝ አሉኝ። ልጅ ሆኜ በክረምት የምላላካቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ድምፅ መጨመሪያዋን ስታዞራት «ክርርክ» የምትል ሬዲዮ ሲመጣላቸው ክዳኑን ሳይከፍቱ «ቆሻሻ ነው» ይሉ ነበር። የዚህች መሪ ሆድ ዕቃ ከዚያች ድምፅ መጨመሪያ ጋር አንድ ነው፤ ፖቴንሽዮሜትር ይባላል። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው የካርቦን መንገድ አለ፤ በላዩ አንዲት የብረት እግር ትሄዳለች። የቆመችበትን ቦታ ሬዲዮው በቮልቴጅ ያውቃል። መሪው ሁልጊዜ ወደ መሃል ስለሚመለስ እግሪቱ ቀኑን ሙሉ የምትረግጠው መሃሉን ነው፤ ደጃፍ ቶሎ እንደሚበላ ሁሉ መሃሉ ቶሎ ይላጣል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ሬዲዮው ያነበበውን ለመኪናዋ ሰርቮ፣ ጎማውን ለሚያዞረው ትንሽ ሞተር፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ይነግረዋል። የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ትርጉሙን የሚለውጠው የቃሉ ርዝመት ነው። 1.5 ሚሊሰከንድ ከቆየ «ቀጥ በል»፤ ወደ 1 ካጠረ ባንዱ ጎን፣ ወደ 2 ከረዘመ በሌላው ጎን። ፈረንጅ ይህን ለመረዳት ሥዕል ይፈልጋል። አማርኛ ለሚናገር ሰው ግን ምኑ ይገርማል? «ገና» ላልቶ ሲነበብ ሌላ፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው። ካርቦኑ የቆሸሸ ሬዲዮ እንግዲህ ይህን ቃል አንዴ እያላላ አንዴ እያጠበቀ የሚንተባተብ አንባቢ ነው፤ ሰርቮው ምስኪን የትኛውን ይስማ?

ፖቴንሽዮሜትሩን ፈትቼ ከፈትኩት። ለዛገ ብሎን የሚረጨውን ዘይት መርጨት አይገባም፤ ለጊዜው ይሻለዋል፣ ኋላ አቧራውን በቅባት አብኩቶ ጭቃ ያደርገዋል። ለኤሌክትሪክ መገናኛ የተሠራውን ማጽጃ ጠብ አድርጌ 50 ጊዜ ወዲያ ወዲህ አዞርኩ። ሲጠራ ጥቁሩ መንገድ ታየ። ከመሃሉ ቀጥሎ የተላጠው የግራው በኩል ነው፣ የቀኙ እንደ አዲስ ነው። አሜሪካኖች በሞላላ ሜዳ ሲሽቀዳደሙ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚዞሩት። ሰውየው በጓሮው የሚጫወት አልነበረም፤ ተወዳዳሪ ነበር። ከሟች ይሁን ከጡረተኛ፣ ሻጯን ሳልጠይቃት መጣሁ እንጂ፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥን መሰለኝ።

ተወዳዳሪ ስለነበረም ክሪስታሎቹን በሥርዓት ነው የያዘው። የዛሬ ሬዲዮ በ2.4 ጊጋኸርዝ ራሱ ክፍት ቦታ እየፈለገ ስለሚሠራ ክሪስታል አያውቅም። የዚያን ዘመን ሬዲዮ ግን መስመሩን የሚወስንለት ከጥፍር የማትበልጥ ቆርቆሮ ለባሽ ክሪስታል ነበረች። አሜሪካ ውስጥ ለመሬት መኪና 75 ሜጋኸርዝ፣ ለመጫወቻ አውሮፕላን 72 ተሰጥቷል፤ ምክንያቱም በአንዲት መኪና ጥፋት አውሮፕላን ሰው ራስ ላይ ቢወድቅ ነውር ነው። መወዳደሪያ ሜዳው ላይ ያኔ ሰሌዳ ይሰቀል ነበር፤ የመስመርህን ቁጥር የያዘችውን መቆንጠጫ ሳትወስድ ሬዲዮህን ከከፈትክ የሌላውን ሰው መኪና ግድግዳ ላይ ትለጥፋታለህ። የዕድር ድንኳን ሳያስመዘግብ እንደሚወስድ ሰው ትታያለህ፤ ከዚያም ይብሳል።

ክሪስታሎቹ ጥንድ ናቸው፤ አንዷ ለሬዲዮው፣ አንዷ ለተቀባዩ። በዓይን አይለዩም፣ ኮረዳ መንታ ናቸው። የሚለያቸው በላያቸው የተጻፈችው «ቲ» ወይም «አር» ናት፤ የተቀባዩዋ በእኔዋ ዓይነት በ455 ኪሎኸርዝ ዝቅ ትላለች። ብታቀያይራቸው ሬዲዮውም ይናገራል፣ መኪናዋም ትሰማለች፤ ግን አንዱ ሐረር ቆሞ ሌላው ጎንደር እንደሚጣራ ነው። ይህቺ 455 የምትባል ቁጥር ደግሞ የጋሼ ቁጥር ናት። የመንደራችን መካከለኛ ሞገድ ሬዲዮዎች ሁሉ ሆዳቸው ውስጥ በሷ ነበር የሚሠሩት። ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር አናት ያላቸው ሦስት ትናንሽ ቆርቆሮዎች አሉ፤ አናታቸው ላይ በካቻቢቴ የምትዞር የሚያምር ብሎን አለች። እጄ አንድ ቀን ወደዚያች ብሎን ስትሄድ ጋሼ በካውያው እጀታ ጣቴን መቱኝ። «እሷን የነካ ሁሉ ሬዲዮውን ይዞ ነው እኔ ጋ የሚመጣው» አሉ። የመኪናዋን ተቀባይ ስከፍት ሦስቱም እዚያው ተደርድረዋል፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር። ጣቴን አመመኝ። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁ።

አሁን ማስተካከሉ። ይህ የሥራው ጨው ነው፤ ብዙ ሰው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። መኪናዋ ወደ ቀኝ ከሳበች ሰው መሪው አጠገብ ያለችውን ትሪም የምትባል ቁልፍ ሁለት ጊዜ ጫን ያደርግና ቀጥ አለች ብሎ ይደሰታል። ጥፋቱ ግን የሰርቮው ክንድ ተጣሞ መገጠሙ ሊሆን ይችላል። ነገ ሌላ ነገር ይጣመማል፣ ሌላ ሁለት ጊዜ ጫን። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት እንዲህ ነው። እንዳናረፍድ ብለን 10 ደቂቃ አስቀደምነው፤ መቅደሙን ስለምናውቅ 10 ደቂቃ እንቆያለን፤ ባለቤቴ ይህን አይታ ሌላ 5 ጨመረች። ዛሬ ስንት ሰዓት እንደሆነ በዚህ ቤት የሚያውቅ የለም፤ ሠርግም የምንደርሰው ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሁሉንም ወደ ባዶ መመለስ ነው። ትሪሙ 0፣ የመዞሪያው መጠን 100፣ የዳርቻዎቹ 100። ክንዱን ከሰርቮው አውልቆ፣ ሰርቮው ራሱ መሃሉን ሲያገኝ ክንዱን ቀጥ አድርጎ መልሶ መግጠም። የክንዱ ጥርስ ፍጹም ቀጥ አይልም፤ ለዚያች ለተረፈችው ጥቂት ብቻ ትሪም ይፈቀዳል። ከዚያ ጎማው አካል ሳይነካ እስከሚዞርበት ድረስ ዳርቻውን መቀነስ፤ ካለዚያ ሰርቮው ግድግዳ እየገፋ ራሱን ያቃጥላል። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ዕቃም እንደ አዲስ ማስተማር አለ። ቁልፉን ተጭነህ «ይኼ መሃል ነው» ትለዋለህ፣ ቃታውን እስከ መጨረሻ ስበህ «ይኼ ሙሉ ነው»፣ ገፍተህ «ይኼ ፍሬን ነው»። ቅደም ተከተሉን ብትስት ፍሬን ስትይዝ የምትፈተለክ መኪና ታገኛለህ። እኔ አንዴ ሳትኩ፤ የአበባ ማስቀመጫ ከፈልኩበት።

ይህን ሁሉ ወደ ባዶ ከመመለሴ በፊት ግን አንድ ነገር አስቆመኝ። ሬዲዮው የመኪኖች ማህደር አለው፤ የእያንዳንዱን ቁጥር በስም ያስቀምጣል። ስሙ ከሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል አይበልጥም። ሦስት ስም ተጽፎ አገኘሁ፤ «ዌት»፣ «ድራይ»፣ «ኪድ»። እርጥብ፣ ደረቅ፣ ልጅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሜዳው ናቸው፤ ዝናብ ሲዘንብ ፍሬኑን አላልቶ፣ ሲደርቅ አጥብቆ። ትሪሙ ሁለቱም ላይ ወደ ግራ 7 ነው፤ የሆነ ቀን ግድግዳ መትቷል ማለት ነው፣ እሱም ሳይፈታው በትሪም ሸፍኖታል። ቃለ አጋኖ የሚያደርገው ጥንቁቅ ሰው! ወደድኩት።

ሦስተኛው ላይ የቃታው መጠን 35 ነው። ቃታውን እስከ መጨረሻ ብትስበው መኪናዋ ከሩጫዋ ሲሶ ያህሉን ብቻ ትሰጣለች። መሪውም ወደ 60 ወርዷል፣ ድንገት ቢጠመዘዝ እንዳትገለበጥ። ፍሬኑ ግን 100 ነው፤ እሱን አልነካውም።

ማህደሩን የምትጠብቀው ቦርዱ ላይ የተበየደች ክብ ሳንቲም ባትሪ ናት፤ የዚያ ዘመን አንዳንድ ሬዲዮዎች እንዲህ ናቸው። አዲስ ስትሆን 3 ቮልት፤ የእኔዋን ቴስተር ሳስነካት 2.5 አለች። መቀየር አለባት፤ ስትነቀል ደግሞ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ወረቀት ፈለግኩ። እጄ የገባው ጠዋት የተላክኩበት ነው። በጀርባው ሦስቱንም ስም፣ ቁጥራቸውን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ያንን 7 ቁጥርም ጻፍኩት፤ አያስፈልገኝም፣ ግን ጻፍኩት። ከዚያ ካውያውን አሞቅኩ፣ ባትሪዋን ነቀልኩ፣ አዲሷን በየድኩ። ስከፍተው ማህደሩ ባዶ ነው። የሰው ቤት የተከራየን ሰው የቀለም ሽታ እንደሚቀበለው ተቀበለኝ። ሦስቱን ስሞች መልሼ አስገባሁ።

የቀረው ርቀት መለካት ነው። አንቴናውን አጥፈህ 30 እርምጃ ያህል ትርቃለህ፤ ታጥፎ ከሠራ ተዘርግቶ ሩቅ ይሄዳል። መኪናዋን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ባለቤቴ የፋሲካ ማግስት ዶሮዋን በልታ ታርቃኝ ስለነበር ነጠላዋን እንደለበሰች ወደ ፓርኪንጉ ወረደች። በዚህ አገር እኔን የሚመስል ሰው ቃታ ያለው ጥቁር ነገር ይዞ ፓርኪንግ ላይ መቆሙ ለጤናም ጥሩ አይደለምና ሬዲዮውን አስቀድሜ በደማቅ ቢጫ ፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። ያም ሆኖ ሁለት ጎረቤት መስኮት ከፈቱ። ኒኮላ ቴስላ በ1898፣ ከዐድዋ ድል 2 ዓመት በኋላ፣ ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ ሲያዝ ተመልካች ነበረው። እኔ ነጠላ የለበሰች ሴት መኪና አቅፋ «ይዞራል! አሁን ቆመ! አሁን ዞረ!» ስትል ነው ያለኝ።

አንቴናውን ስዘረጋ ጫፉን በቀጥታ ወደ እሷ አደረግኩ።

«ጣትህን አትቀስርብኝ» አለች።

ልክ ነበረች፤ በፊዚክሱም ልክ ነበረች። ከአንቴና ሞገዱ የሚወጣው ከጎኑ ነው፤ በጫፉ አቅጣጫ ከሁሉ የደከመ ነው። ወደ ላይ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት። መኪናዋ ያለ መንቀጥቀጥ ታዘዘች።

ያኔ የ6 ዓመቷ ልጃችን ደረሰች። «አባዬ፣ እኔም!» አለች። እጇ ቃታውን አይሞላም፤ በሁለት ጣቷ ሳበችው። «ኪድ» የሚለው ላይ አድርጌ ሰጠኋት። መኪናዋ ጉዞ ጀመረች፤ ከነጠላው ዘርፍ ዙሪያ ዞራ፣ ከጎረቤት ጎማ ክንድ ሲቀራት ቆመች። አሥር ዙር ያህል አየኋት። አንዴም አልተገለበጠችም።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው ቀስ የምትለው?»

ሬዲዮውን ተቀብዬ ቁልፉን አምስት ጊዜ ተጫንኩ። ማታ ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው በር ላይ አውርጄ፣ በሎሚና እንቁላል ጀርባ፣ 35ን ሳልሰርዝ ጎኑ 40 ብዬ ጻፍኩ።